ኤም ኤች ጋፕን ገጠር ውስጥ 3 ዓመት ተጠቀምኩበት፦ የሚሠራውና የሚጎድለው

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የኤም ኤች ጋፕ (mhGAP) መመሪያ ኮፒ ጠርዙ አልቋል። ራስን ስለ መጉዳትና ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገረውን ክፍል እንዳይቀደድብኝ ፕላስቲክ አልብሼዋለሁ፣ ከሁሉም የሚገለጠው እሱ ነውና። ሌላ ቦታ የሚሠሩ ጓደኞቼ «ይሄ ነገር በእርግጥ ይጠቅማል? አውርደን እንጠቀምበት?» እያሉ ይጠይቁኛል። በየጊዜው ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

የማወራው የዓለም ጤና ድርጅት ስላዘጋጀው የኤም ኤች ጋፕ መመሪያ ነው። ለማታውቁት፣ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ የተጻፈ የሥራ መጽሐፍ ነው። ለነርስ፣ ለጤና መኮንን፣ ለጠቅላላ ሐኪም። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀመረ፣ የመጀመሪያው መመሪያ በ2010 ወጣ፣ እኔ የምጠቀምበት ሁለተኛው እትም ደግሞ በ2016። ፒዲኤፉ በነጻ ይወርዳል፣ የስልክ አፕም አለው። እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራበት ጤና ጣቢያ ገጠር ነው፣ ሳይካትሪስት የለንም፣ ሳይኮሎጂስትም የለንም፣ ያለነው እኛው ነን። ወሊድም፣ ክትባትም፣ ወባም፣ ቁስልም በእኛው እጅ ነው የሚያልፈው።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020ው የአእምሮ ጤና አትላስ በተባለው ሪፖርቱ እንደሚለው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለ100,000 ሰው ያለው የአእምሮ ጤና ሠራተኛ 2 እንኳን አይሞላም፣ ሀብታም አገሮች ውስጥ ግን ከ60 ያልፋል። እነዚያ ጥቂቶቹም አብዛኞቹ ከተማ ነው ያሉት። በሌላ በኩል በ2021 ብቻ ወደ 727,000 የሚጠጋ ሰው በዓለም ዙሪያ ራሱን አጥፍቷል ተብሎ ይገመታል፣ ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ 4 እጅ ቢባል 3ቱ የሚጠጋው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ስለዚህ «ወደ ስፔሻሊስት ላኩት» የሚለው ምክር እኛ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ «ወደ ቤቱ ላኩት» ይሆናል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መሳፈሪያ የለም፣ እርሻው ሰው ይፈልጋል፣ ከብቱን ማን ይጠብቃል። ሪፈር ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል።

አሁን ወደ መመሪያው።

አሠራሩ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ለሁሉም ሕመምተኛ የሚሆን ክፍል አለ፤ ሰውን እንዴት ታናግራላችሁ፣ ምስጢሩንና ክብሩን እንዴት ትጠብቃላችሁ የሚል። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ ነው ወደ መድኃኒቱ የሚሮጠው፣ እኔም መጀመሪያ ዘልዬው ነበር፣ አትዝለሉት። ከዚያ ማስተር ቻርት የሚባል ሰንጠረዥ ይመጣል፤ ሰውየው ያመጣውን ምልክት ታዩና ወደየትኛው ክፍል እንደምትሄዱ ይነግራችኋል። ድባቴ፣ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ የሚጥል በሽታ፣ የልጆችና የታዳጊዎች ችግሮች፣ የመርሳት በሽታ፣ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር፣ ራስን መጉዳትና ራስን ማጥፋት፣ ሌሎችም። እያንዳንዱ ክፍል 3 ነገር አለው፦ ምዘና፣ ሕክምና፣ ክትትል። ምዘናው ጥያቄ በጥያቄ፣ «አዎ» ከሆነ ወደዚህ፣ «አይ» ከሆነ ወደዚያ እያለ ይወስዳችኋል። 30 ሰው ተሰልፎ እየጠበቃችሁ ለማንበብ የሚቻል ነው፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በጣም የወደድኩት እንዳንቸኩል መያዙን ነው። የድባቴውን ክፍል ውሰዱ። ቢያንስ ለ2 ሳምንት የቆየ ሐዘን ወይም ለምንም ነገር ደስታና ፍላጎት ማጣት አለ ወይ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ሥራውን መሥራት አለመቻል። ይሄ ሁሉ ተሟልቶም ገና መድኃኒት አትጽፉም። ደም ማነስ ቢሆንስ? የታይሮይድ ችግር ቢሆንስ? ከዚህ በፊት ከመጠን ያለፈ ደስታ፣ እንቅልፍ አልባነት፣ ብር መበተን ታይቶበት ቢያውቅስ? እንደዚያ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ወይስ በቅርቡ ሰው ሞቶበት ነው? አንዲት እናት ድባቴ ነው ብዬ ልቤ ከወሰነ በኋላ በዚህ መስመር ተመልሼ የደም ምርመራ አዝዤላት ከባድ ደም ማነስ ተገኝቶባታል። መመሪያው ባይኖር የሚያድናትን ትቼ ሌላ እሰጣት ነበር።

ግን ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለድባቴው ክፍል ብዬ አይደለም፣ ፕላስቲክ ላለበስኩት ክፍል ነው።

ከእሱ በፊት ለ8 ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድም ሰው «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እውነቴን ነው። የማላውቀው ሆኖ አይደለም፣ ፈራሁ። ከጠየቅኩ ያላሰበውን አሳስበዋለሁ፣ ሐሳቡን በአፌ አስገባበታለሁ ብዬ እፈራ ነበር። መመሪያው ይሄን ፍርሃት ፊት ለፊት ነው የሚያገኘው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፣ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሰውየው ያለበትን ጭንቀት ያቀልለታል፣ ተረዱኝ እንዲል ያደርገዋል ይላል። በቃ ይቺ ናት። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠችው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀያይሬያለሁ። በ4 ወር ውስጥ 6 ጊዜ መጥተዋል፤ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ደረቴን ይላሉ። ካርዳቸው በጨጓራ መድኃኒትና በማስታገሻ ተሞልቷል፣ ግማሹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለ7ኛ ጊዜ ሲመጡ ማስተር ቻርቱ ትዝ አለኝ፤ ምርመራ ምክንያቱን ያላገኘለት፣ እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሲኖር ወደ ድባቴው ሂዱ ይላል። በሩን ዘጋሁና ወንበሬን ወደሳቸው አዞርኩ።

«አባባ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«የምን እንቅልፍ ልጄ።»

«እርሻውስ?»

«እጄ አልነሳም አለኝ። ልጆቹ ናቸው የሚያርሱት።»

ትንሽ ቆየሁና «ሰው እንዲህ ሲከብደው አንዳንዴ መኖር ራሱ ያስጠላዋል አባባ። እርሶስ ሕይወቴን ላጥፋ ብለው አስበው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳይቆጡ፣ ሳይደነግጡ፣ ቀና ብለው አዩኝና «ይሄን ደግሞ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መመሪያው ደረጃ በደረጃ ይዞኝ ሄደ። ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ እቅድም አለ? ከዚህ በፊት ሞክረው ያውቃሉ? ለመኖር የሚያስችልዎት፣ የሚይዝዎት ምንድን ነው? አደጋው ቅርብ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ የሚቀርበውን ሰው አስገቡ፣ ስፔሻሊስት ካለ አማክሩ። ሽማግሌውን አስፈቅጄ ታላቅ ልጃቸውን አስጠራሁ። ልጁ ሲሰማ አለቀሰ፣ እኔም እንባዬ መጣ፣ ግን ሥራው ቀጠለ። ቤት ውስጥ ምን ከእጅ መራቅ እንዳለበት ተነጋገርን፣ ለሊት ማን አብሯቸው እንደሚያድር ተነጋገርን። መድኃኒት ስጀምርላቸውም የአንድ ወር አልሰጠኋቸውም፣ የአንድ ሳምንት ነው የሰጠሁት፤ እንዲህ ያለ ስጋት ሲኖር በአንድ ጊዜ ብዙ መድኃኒት አይሰጥም፣ ይሄም መመሪያው ላይ አለ።

«ማክሰኞ ይመጣሉ አባባ» አልኳቸው። መጡ። በሚቀጥለውም መጡ። መጀመሪያ አካባቢ ለውጥ አልነበረም፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንደሚፈልግ አስቀድሜ ለልጃቸው ባልነግረው ኖሮ በ2ኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ያቆሙት ነበር። በ6ኛው ሳምንት ሲገቡ ሰላምታቸው ተለወጠ። እስካሁን በሕይወት አሉ፣ እርሻቸው ላይ ናቸው።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ይህን መመሪያ ሲያደንቅ የሚያደንቀው ምዘናውን ነው፣ ሳጥኖቹንና ቀስቶቹን። እኔ ግን ሰው አተረፈ የምለው 3ኛውን፣ ሁሉም የሚያልፈውን ክትትሉን ነው። መመሪያው የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት በየሳምንቱ፣ እየተሻለው ሲሄድ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አንዴ፣ ስጋቱ እስካለ ድረስ ግን አትተዉት ይላል። ገጹ አጭር ነው፣ ሥራው ግን ከሁሉም ይረዝማል።

ይሄ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ድንገተኛ ክፍል የደረሱ 1,867 ሰዎችን ያየ። ግማሾቹ የተለመደው ሕክምና ተሰጣቸው። ሌሎቹ በዚያ ላይ የ1 ሰዓት ምክር ተጨመረላቸው፣ ከዚያ በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠየቁ። እንዴት ነህ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ የምንረዳችሁ ነገር አለ? ይኸው ነው። በ18 ወሩ መጨረሻ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 2.2 በመቶው ራሳቸውን አጥፍተው ሞተዋል፣ ከተጠየቁት 0.2 በመቶው። ውድ መሣሪያ የለም፣ አዲስ መድኃኒት የለም። ሰውየውን የሚያስታውስ ሰውና የሚደወልበት ስልክ ነው ያለው። ገጠር ውስጥ የሚያቅተን ይሄ ነው ወይ?

እኛ በአንድ ተራ ደብተር ጀመርን። ስም፣ የቤተሰብ ስልክ፣ የመጡበት ቀን፣ የሚመጡበት ቀን። ቀኑ ማክሰኞ ነው ምክንያቱም ማክሰኞ ሰው ይቀንሳል። ያልመጣ ካለ ማታውኑ ይደወላል፣ ስልክ ከሌለው በሰፈሩ ያለችው የጤና ሠራተኛ ሌላ ቤት እንደምትሄድ ሆና ጎራ ትላለች። ይሄን አደራረግ መመሪያው ላይ አታገኙትም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምታበጁት።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ፣ አለውና።

የመጀመሪያው ስልጠናው ነው። መመሪያውን ሳይሆን ስልጠናውን ነው የምወቅሰው። እኔ የወሰድኩት 5 ቀን ነው፣ አዘጋጁን አልጠራም። አሰልጣኞቹ ጎበዞች ነበሩ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ተመልሶ «እንዴት ሆናችሁ?» ያለን የለም። ከእኔ ጋር ከሰለጠኑት ብዙዎቹ በ6 ወር ውስጥ ትተውታል። ሰነፍ ሆነው አይደለም። የመጀመሪያው ከባድ ሕመምተኛ ሲመጣ የሚጠይቁት ሰው ስላጡ ነው። እኔን ያቆየኝ በራሴ ፈልጌ ያገኘኋት አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፣ ወር በወር በስልክ የያዝኳቸውን ሰዎች ስም ሳልጠራ አብረን እናያለን፣ «እዚህ ጋ ተሳስተሻል፣ መጠኑን አሳድጊ፣ ይሄኛውን ላኪው» ትለኛለች። ሱፐርቪዥን፣ ማለትም እንዲህ ያለ የባለሙያ ክትትልና ምክር፣ የሌለው የኤም ኤች ጋፕ ስልጠና ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ስልጠና የምታመጡልን ሰዎች ካነበባችሁት፣ 5ቱን ቀን 3 አድርጉትና የቀረውን ብር ለዓመት ክትትል አውሉት።

ሁለተኛው መድኃኒት። መመሪያው ላይ ያሉት ጥቂትና የታወቁ ናቸው፣ ለድባቴ ፍሎክሲቲንና አሚትሪፕቲሊን፣ ርካሽም ናቸው። ችግሩ ርካሽ መሆኑ መኖሩን አያረጋግጥም። መመሪያው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም መድኃኒቱን ከ9 እስከ 12 ወር አስቀጥሉ ይላል፣ የእኛ መደርደሪያ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ለ2 ወር ባዶ ይሆናል። መድኃኒት በድንገት ሲቆም ምን እንደሚሆን የምናውቅ እናውቃለን። በዚህ ምክንያት ያለ መድኃኒት የሚሠራውን ማወቅ ግዴታ ሆኖብኛል። ፒ ኤም ፕላስ የሚባል ሌላ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አለ፣ የሰለጠነ ተራ ሰው ሊሰጠው የሚችል፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሆነ 5 ጊዜ የሚደረግ የምክር አገልግሎት። ከኤም ኤች ጋፕ ጎን አስቀምጡት።

ሦስተኛው ቋንቋው። መመሪያው የሕመሙን ስም ይዞ ይመጣል፣ ሰው ግን በሕመም ስም አይመጣም። «ድባቴ አለብኝ» ብሎ የመጣ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። «ጨነቀኝ» ይላሉ፣ «ሐሳብ ገደለኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤን ከበደኝ»፣ «ራሴን ወጋኝ»፣ ወይም እንደ ሽማግሌው ወገቤን። አንዲት ልጅ እግር «ከሰው መሀል ሆኜ የለሁም ሲስተር» ብላኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ምን ምዘና ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ከወረቀቱ እያነበባችሁ አትጠይቁ። በራሳችሁ አፍ፣ በአካባቢያችሁ አባባል አዘጋጇቸው፣ ራስን ስለ ማጥፋት የሚጠይቀውን ግን አታለዝቡት። «ክፉ ነገር አስበሃል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሰው ክፉ ላለመባል «የለም» ይላል። ቃሉን ጥሩት።

ምስጢር ሌላው ፈተና ነው። መመሪያው ሰውየውን ለብቻው አነጋግሩት ይላል። እኛ ክፍል ውስጥ ያለው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የተቀመጠችው ደግሞ የአማቱ ልጅ ናት። ገጠር ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፣ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ከለጠፋችሁ በዚያ በር የሚገባ አይኖርም። እኛ ምንም አልለጠፍንም። ተራው አንድ፣ ካርዱ አንድ፣ ክፍሉ አንድ ነው፤ ደም ግፊቱን ሊለካ የመጣና ሐሳብ የገደለው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ይሄ ሆን ብለን ያደረግነው ነው፣ ከሁሉ ውሳኔያችን ይሄን በጣም እወደዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ወደ እኛ የማይመጣው ሰው ነው። መመሪያው በር ላይ የቆመ ነው፤ ለመጣው ይሠራል። ያልመጣውን ማን ያምጣው? በተለይ ወንዶቹን። ሕንድ ውስጥ ማሃራሽትራ ግዛት ቪዳርባ በሚባል አካባቢ፣ በገበሬዎች ራስን ማጥፋት ስሙ በሚነሳ ቦታ፣ ቪሽራም የተባለ ፕሮግራም 30 መንደር ውስጥ ሠርቶ ነበር። የመንደሩ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው ስለ ድባቴ ያወራሉ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ይሰጣሉ፣ የባሰበትን ወደ አማካሪና ወደ ሐኪም ያደርሳሉ። ሥራው ሲጀመር ድባቴ ካለባቸው ሰዎች ሕክምና ያገኙት 4.3 በመቶ ነበሩ፣ ከ18 ወር በኋላ 27.2 በመቶ ሆኑ። ፓኪስታን ውስጥ ራዋልፒንዲ ገጠር ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴት የጤና ሠራተኞች በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ድባቴ የያዛቸውን እናቶች እንዲያግዙ ሰለጠኑ። በ2008 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከወለዱ 6 ወር ላይ ድባቴው ያልለቀቃቸው እናቶች እገዛውን ካገኙት መሀል 23 በመቶ፣ ካላገኙት መሀል 53 በመቶ ነበሩ። ሳይካትሪስት አይደለም ይሄን የሠራው። በየቀኑ ቤታቸው የምትገባ፣ ልጃቸውን የምትመዝን፣ የሚያውቋት ሴት ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ከነርስ አቅም በላይ ነው፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ከ5ቱ አንዱ ገደማ የሚሞተው በፀረ ተባይ ኬሚካል ነው፣ አብዛኛው ደግሞ በእርሻ አካባቢ። መመሪያው ለቤተሰቡ አርቁት በሉ ይላል፣ እንላለን። ግን ስሪላንካ ውስጥ በ180 መንደሮች የሚቆለፍ ሳጥን ለየቤቱ ታድሎ ለዓመታት ተጠንቶ፣ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ሳጥኑ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው ምን ነበር? እዚያው አገር በጣም መርዛማ የሆኑት ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ ከገበያ መታገዳቸው ነው። በ1995 ከ100,000 ሰው ወደ 47 ደርሶ የነበረው ራስን የማጥፋት መጠን በ2015 ወደ 14 ወርዷል፣ ለዚህም ትልቁን ድርሻ እገዳዎቹ ይወስዳሉ። ሰው ያ ክፉ ሰዓት ሲመጣበት ገዳዩ ነገር ከእጁ ከራቀ ሰዓቱ ያልፋል፣ ያለፈለት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይቀጥላል። ይሄን የሚወስኑት የግብርና ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ራስን ማጥፋትን የሚከላከል ስብሰባ ላይ ግን ሁልጊዜ የምንጠራው እኛ የጤናዎቹ ብቻ ነን፣ ያናድደኛል።

ስለ አፑ ብዙ የምለው የለኝም። ከፒዲኤፉ ይልቅ ለመፈለግ ይቀላል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሰው ፊታችሁ እያለቀሰ ስልክ መነካካት ግን አይሆንልኝም። ሰውየው ቻት የምታደርጉ ነው የሚመስለው። ባትሪም ያልቃል። እኔ የወረቀት ሰው ነኝ፣ ወጣቶቹ አፑን ይወዱታል።

ለማን ይሆናል? ለጤና ባለሙያ። ለቤተሰብ ወይም ራሱን ለማከም ለሚፈልግ ሰው አይደለም፣ አውርዳችሁ ራሳችሁን በሳጥንና በቀስት አትመርምሩ። ይህን የምታነቡ ውስጥ መኖር የከበዳችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ አጠገባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በግልጽ ቃል ተናገሩ፣ «ራሴን ለማጥፋት እያሰብኩ ነው» በሉ። ወገቤን ብላችሁ አትለፉት። የሰማችሁ ሰው ካልገባው ሌላ ሰው ጋ ሂዱ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመመሪያው ከ5 ላይ 4 ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በሩ ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። እኔ ለወሰድኩት ስልጠና 2። መመሪያው የቆመባቸው ምክረ ሐሳቦች በ2023 ታድሰዋል፣ ስለዚህ ስታወርዱ አዲሱንም አብራችሁ ፈልጉ። ካወረዳችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታትሙት ራስን የመጉዳትና ራስን የማጥፋት ክፍል ይሁን፣ ቀለም ካለቀባችሁም እሱ ብቻ ይታተም። ከሱ ጋር አንድ ደብተር ግዙ።

የእኛው ደብተር ላይ ለዛሬ ማክሰኞ 4 ስም ነበር። 3ቱ መጥተዋል። አራተኛዋ ስልኳ ዝግ ስለነበር የሰፈሯ ጤና ሠራተኛ ቤቷ ሄዳ አግኝታታለች፣ ልጇ አሞት ነው የቀረችው፣ ነገ ጠዋት ልጁንም ይዛው ትመጣለች።